ሦስተኛዋ እህት

የበላይ እናታችን ደብዳቤ ከአዲስ አበባ የደረሰኝ ጥቅምት ላይ ነው። አንድ ገጽ ተኩል ነበር። የማኅበራችን ደንብ አንድ ቤት ቢያንስ ሦስት እህቶች እንዲኖሩት እንደሚያዝ፣ በድሬዳዋው ቤት ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ ሁለት ብቻ እንደቀረን፣ እስከ ነሐሴ ድረስ አዲስ ጥሪ፣ ማለትም ማኅበሩን የምትቀላቀል ልጅ፣ ካልተገኘ ቤቱ እንደሚዘጋ ይናገራል። ነሐሴ ላይ ራሳቸው መጥተው እንደሚያዩም ጽፈዋል። ደብዳቤው ውስጥ ቁጣም ሐዘንም አልነበረም። እኔ ግን በቆምኩበት አንብቤው ከጨረስኩ በኋላ ለመቀመጥ እንኳ ቸግሮኝ ነበር።

ወደዚያ ቤት የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር፤ ያደግሁትም እዚያው ከዚራ ሰፈር፣ ከገዳሙ ሁለት መንገድ አልፎ በሚገኝ የሠራተኞች ቤት ውስጥ ነው። ስገባ አሥራ አንድ እህቶች ነበሩ። መዋዕለ ሕፃናት፣ የጥልፍ ትምህርት ቤትና ትንሽ ክሊኒክ ነበረን። ምግብ ቤቱ ስለሚጠብ ታናናሾቹ ሳህናችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን በረንዳ ላይ እንበላ ነበር። ከዚያ አንዳንዶቹ አረፉ፣ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ቤት ተዛወሩ፣ ሁለቱ ደግሞ ማኅበሩን ትተው ወጡ። የሚተካቸው አልመጣም። ክሊኒኩ ተዘጋ፤ መዋዕለ ሕፃናቱን ለሰበካው አስረከብን። በመጨረሻ እኔና ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸው አንዲት እህት ቀረን። እሳቸው በጉብዝናቸው ጊዜ የድሬን ሙሽሮች ልብስ የጠለፉ፣ ስንቱን ልጅ መርፌ አያያዝ ያስተማሩ ሰው ናቸው። አሁን ጆሯቸው ደክሟል። ጸሎት ቤት ውስጥ እኔ መዝሙሩን ከጨረስኩ በኋላ እሳቸው ለብቻቸው ሲጨርሱ እሰማቸዋለሁ።

ደብዳቤው ከደረሰኝ በኋላ ጥሪ ፍለጋ ወጣሁ። ትምህርት ቤቶች ሄድኩ፣ የሰበካ ወጣቶችን ሰብስቤ አነጋገርኩ። ልጆቹ በአክብሮት ይሰሙኛል። አንዷ መነኩሲት ስልክ መያዝ ይፈቀድላት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሌላዋ ማኅበሩ ውጭ አገር ልኮ ያስተምር እንደሆነ። አንዲት እናት ደግሞ ጎትታ ወደ ጎን ወሰደችኝና ልጇን ሁለተኛ እንዳላናግርባት በለሆሳስ ለመነችኝ። በከተማችን ካቶሊኩ ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም ውስጥ ሴት ልጁን ለገዳም የሚሰጥ ቤተሰብ የለም ማለት ይቻላል። እየቆየሁ ስሄድ ሰዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ምን ልላቸው እንደመጣሁ እንደሚያውቁ ገባኝ። እኔም ሴት ልጅ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ይመዝናት ጀመር። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችውን፣ ሱቅ ውስጥ ቆማ የምትሸጠውን፣ ሁሉንም። በዚህም ያኔ አላፈርኩም።

ልጅቷን ያየኋት ሚያዝያ ውስጥ ነው። ጸሎት ቤታችን በመንገዱ በኩል በር አለው፤ ከሰዓት በኋላ ለማንም ክፍት ነው፣ የሚገባበት ግን የለም። እሷ መግባት ጀመረች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ የሠራተኛ አውቶቡስ ጥግ ላይ ያወርዳታል። የሥራ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ትመጣና የመጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አንገቷን ደፍታ የምትጸልይ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጠጋ ስል እንቅልፍ ወስዷታል።

በአራተኛው ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ የሱሪ ኪስ ትሰፋለች፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው የማሽን ጩኸት ቤቷ ከገባች በኋላም ጆሮዋ ውስጥ እንደሚቀጥል ነገረችኝ። እናቷ ካቶሊክ ነበረች፤ ልጅቷ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት አርፋለች። አባቷ ሙስሊም ናቸው፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ በረንዳ ላይ የሚሠሩ ልብስ ሰፊ። ልጅቷ በሁለቱ ስምምነት በእናቷ እምነት ተጠምቃለች። ለምን ወደ ጸሎት ቤቱ እንደምትመጣ ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና፣

«እዚህ ዝም ይላል» አለችኝ።

ያን ቃል ይዤ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ዝምታን የምትወድ ልጅ። ማንም ሳይጠራት የመጣች ልጅ። በማግስቱ ሻይ አፈላሁላት። ከዚያ መጽሐፍ አዋስኳት። ከዚያ፣ እግዚአብሔር ሰውን ሲጠራ ብዙ ጊዜ በዝምታ እንደሚጠራ ነገርኳት። ግንቦት መጨረሻ ላይ «የእኔም እሱ ይሆን እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምንም ሳላመነታ «ሊሆን ይችላል፣ እኔ ምልክቱን አይቼብሻለሁ» አልኳት። በሰኔ ሥራዋን ለቀቀች።

ከመግባቷ በፊት አባቷን ማስፈቀድ ስለነበረብኝ ቀፊራ ሄድኩ። ሰውየው ከአሮጌ የእግር ማሽን ጀርባ ተቀምጠዋል፤ ኮፍያቸው ንጹሕ፣ ጣታቸው ረጅም ነው። ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ስለነበር ማን እንደሆንኩ ለማየት ሳይሆን ድምፄን ለመስማት ነው ቀና ያሉት። በእኛ ከተማ ትልቁም ትንሹም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የሚባለው፤ ንቀት የለበትም። እሳቸውም እንደዚያው አናገሩኝ። ሚስታቸውን ሲያገቡ በእምነቷ እንደማይገቡባት ቃል መግባታቸውን፣ በልጃቸውም እንደማይገቡ ነገሩኝ። ቅር ብሏቸው ነበር፤ ቅሬታቸውን ግን አላስረዘሙም።

«አንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ፣ ሲስተር» አሉኝ። «በሳምንት አንድ ቀን፣ ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ፣ ልጄን ልይ።»

«ቃሌ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

ቃሌን ለአምስት ሳምንት ጠበቅኩ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ደረቁን የደቻቱ ወንዝ በእግራቸው፣ በምርኩዝ አቋርጠው ይመጣሉ። ዘበኛችን ወንበር ያወጣላቸዋል፤ ልጅቷ ከኒም ዛፉ ሥር አጠገባቸው ትቀመጣለች። ሰውየው አንድ ቁራጭ አቡጀዲ ይዘው ነው የሚመጡት። ጨርቁ ላይ ሠላሳ የሚሆን መርፌ ተሰክቷል። ለጠርዝና ለቁልፍ የሚሆን የእጅ መርፌ ነው፤ ዓይናቸው ቀዳዳውን ስለማያይ የሳምንቱን ክር ሁሉ እሷ ታስገባላቸዋለች። እሷ እያስገባች እሳቸው በኦሮምኛ የገበያውን ወሬ ያወሩላታል። አንዳንዴ ሳቃቸው ቢሮዬ ድረስ ይመጣል።

ሲሄዱ ግን ልጅቷ እራት አትበላም። አንድ ዓርብ ልብስ ማጠቢያው ጋ ዞር ብላ ስታለቅስ አገኘኋት። እሑድ እሑድ ሄዳ ምግብ ልትሠራላቸው ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እጩ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከቤት እንደማትወጣ ነገርኳት። ደንቡ እንደዚያ አይልም። ደንቡ ለቤቱ አለቃ ይተወዋል፤ አለቃዋ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

በሐምሌ መጨረሻ የበላይ እናታችን ደወሉ። በነሐሴ ሁለተኛው ቅዳሜ እንደሚመጡ፣ ልጅቷንም ለብቻዋ እንደሚያነጋግሯት ነገሩኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቀን መቁጠር ያዝኩ። በመካከሉ ሁለት ዓርብ አለ። ሁለት ጊዜ ታለቅሳለች፣ ሁለት ጊዜ ልቧ ቀፊራ ይሄዳል፤ ቅዳሜ ዕለት «መሄድ እፈልጋለሁ» ብትላቸውስ? ያ ቤት፣ እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት የኖርኩበት ቤት፣ በአንዲት ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ሊዘጋ ነው። ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለዘበኛው፣ አባትየው ሲመጡ ልጅቷ ሱባኤ ላይ ናት እንዲላቸው ነገርኩት። ለልጅቷ ደግሞ አባቷ ሥራ ስለበዛባቸው ለጊዜው እንደማይመጡ መልእክት ልከዋል አልኳት።

«በዚያ ዓይኑ?» አለችኝ።

ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ። ስልኳን ስትገባ ለእኔ አስረክባኝ ስለነበር ተዘግቶ መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው። ሌላ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።

በመጀመሪያው ዓርብ ሰውየው መጡ፣ ዘበኛው መለሳቸው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አየኋቸው። በሩን አንድ ጊዜ በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው ሄዱ።

በቀጣዩ ረቡዕ ደግሞ ባልተጠበቀ ሰዓት መጡ። ዘበኛው ወደ ቢሮዬ መጥቶ «አቦ ሲስተር፣ ዛሬስ አልሄድም ብለዋል» አለኝ። ወጣሁ። ሰውየው ሰኞ ዕለት ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሊደረጉ መሆናቸውን፣ ሐኪሙ አንድ የቤተሰብ ሰው አብሯቸው እንዲኖር መጠየቁን ነገሩኝ። ከልጃቸው በቀር ሰው የላቸውም። ከዚያ መርፌ የተሰካበትን ጨርቅ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

«ሱባኤዋን አልነካም» አሉኝ። «ይሄን ብቻ ስጪልኝ፤ የሰኞውንም ንገሪልኝ።»

እነግራታለሁ አልኳቸው። ስመለስ ልጅቷ ኮሪደሩን እየወለወለች ነበር። ጨርቁን ከቀሚሴ እጥፋት ውስጥ ደብቄ በአጠገቧ አለፍኩ።

ከሰዓት በኋላውን በመስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሠላሳውንም መርፌ ራሴ ክር አስገባሁበት። ወደ መጨረሻው ስደርስ አሮጊቷ እህት በምርኩዛቸው መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ያ ሁሉ መርፌ ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለመሠዊያው ጨርቅ ነው» አልኳቸው።

አልሰሙኝም። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ልጅቷ ከበሩ ማዶ ናት። ለሳቸው እንዲሰማ፣ ለእሷ እንዳይሰማ አድርጌ ለመናገር ሞከርኩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ያንኑ ውሸት ጮክ ብዬ ደገምኩት። አሮጊቷ ወደ መርፌዎቹ፣ ከዚያ ወደ እኔ አይተው ሄዱ። ሐሙስ ጠዋት ዘበኛው ጨርቁን ቀፊራ አደረሰ።

በዚያው ቀን ምሳ ላይ፣ ልጅቷ ወጥ ቤት ሳለች፣ አሮጊቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እሳቸው ወደ ማኅበሩ ሲገቡ አሥራ ሰባት ዓመታቸው እንደነበረ፣ በዚያ ዘመን አለቃዋ ከእናታቸው የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ጥሪያቸው እንዳይናወጥ ብላ ስታስቀምጥባቸው እንደኖረች፣ እናታቸው መሞታቸውን የሰሙት አራት ወር አልፎ እንደሆነ ነገሩኝ። ይህን ታሪክ በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ያን ጊዜ እንደዚያ ነበር» አሉኝ። «ደግ ነበር አልልሽም።»

እዚያ ጋ ተነስቼ ወጥ ቤት መግባት እችል ነበር። አልተነሳሁም። ቅዳሜ እስኪያልፍ አልኩ። ቅዳሜ ማታ እነግራታለሁ፣ ሰኞ ትደርስላቸዋለች፣ ማንም አይጎዳም ብዬ አሰላሁ።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ሰውየው ተመልሰው መጡ። ዘበኛው ሊያነጋግራቸው ሲል ሲስተርን ጥራልኝ አሉት። በሩ ላይ ቆመው ጨርቁን ዘርግተው ያዙት።

«ይሄ የልጄ እጅ አይደለም» አሉኝ። «እሷ ክሩን በጥርሷ ነው የምትቆርጠው፣ ጫፉ ጣቴ ላይ ይታወቀኛል። ይሄ በመቀስ የተቆረጠ ነው። ልጄ ታማለች ወይ?»

«ደህና ናት፣ አባባ። ሥራ ስለበዛባት እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

«የሰኞውን ነግረሻታል?»

«ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለች?»

ከጀርባዬ፣ በጸሎት ቤቱ መስኮት በኩል፣ የካውያ ሽታ ይመጣል። ልጅቷ ለነገ የመሠዊያውን ጨርቅ እየተኮሰች ነው። ሃያ እርምጃ አትርቅም። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«አሁን መምጣት አልችልም ብላለች። ትጸልይልዎታለች።»

«እሷ ነች ያለችው?»

«አዎ።»

ሰውየው ጨርቁን ቀስ ብለው አጣጠፉት፤ መርፌው እንዳይወጋቸው በጣታቸው እየዳሰሱ። ኪሳቸው ከተቱት። «እሺ» አሉ። መንገዱን ተሻግረው ከግንቡ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቢሮዬ ገብቼ በመስኮት ሳይ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ነበሩ። ፊታቸው ወደ በራችን ነው፤ ምን ያህሉን እንደሚያዩት አላውቅም። ከዚያ ቀና ስል ድንጋዩ ባዶ ነበር።

ድሬ ላይ ሰማዩ ብሩህ ነበር። በደንገጎ በኩል ግን ተራራው ከላይ እስከ ታች ጠቁሯል። የድሬ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የደቻቱ ጎርፍ እኛ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ያስተዋልኩት መንገዱ ላይ ሰው መሮጥ መጀመሩን ነው። ከዚያ ድምፁን ሰማሁት፤ ከሩቅ የሚመጣ የከባድ መኪና ሰልፍ ይመስላል። ወደ በሩ ወጣሁና ሰውየው በየት በኩል እንደሄዱ ዘበኛውን ጠየቅኩት። እንደ ወትሯቸው በአሸዋው ነው አለኝ። ድልድዩ ላይ ባጃጁ ስለማይታያቸው ይፈሩታል፤ ሁልጊዜ የሚሻገሩት በደረቁ ወንዝ ነው።

ጸሎት ቤት ገባሁ። ልጅቷ ቀና አለች።

«አባትሽ እዚህ ነበሩ» አልኳት። «በደቻቱ ነው የተመለሱት። ጎርፍ መጥቷል።»

«አባቴ መቼ ነው የመጣው?»

«አሁን። ረቡዕም። ባለፈው ዓርብም።»

ካውያውን አቁማ ነቀለችው። የሄደችበትን ፍጥነት አሁንም አስታውሳለሁ፤ ነጠላ ጫማዋ አንዱ ደጃፉ ላይ ቀረ። ተከትያት ሮጥኩ።

ደቻቱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር። ውሃው ቡናማ ነው፤ ጎማ፣ የአትክልት ሣጥን፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ይዞ ይወርዳል። ዳርቻው ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ ከማዶም እንዲሁ። ልጅቷ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም፣ በአማርኛም ምርኩዝ የያዘ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ አይታችኋል ወይ ትላለች። አንድ ወጣት መሃል አሸዋው ላይ ሲሄዱ እንዳያቸው ነገራት። ከዚያስ ስትለው ትከሻውን ነቀነቀ። ሌላ ሰው፣ እሳቸው አይደሉም፣ የግመል ነጂ ነው ብሎ ተከራከረው። እሷ ወደ ውሃው ጫፍ ቀረበች። ክንዷን ያዝኩ። እጄን አላቀቀችው፤ አልጮኸችም፣ ፊቴንም አላየችም።

ፖሊሶች ድልድዩን ዘግተውት ነበር። ሰው እንዲያልፍ እስኪፈቅዱ ድረስ የቆምንበት ጊዜ ምናልባት አርባ ደቂቃ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለመጸለይ ሞከርኩ። አፌ ላይ የሚመጣው ግን በሩ ላይ ለሰውየው የሰጠሁት መልስ ብቻ ነበር። እነዚያ ቃላት ሰውየው ከልጃቸው የሰሙት የመጨረሻው ቃል ሆነው ቢቀሩስ? እሷ ያላለችው ቃል።

ተሻግረን ቀፊራ ስንደርስ በረንዳቸው ባዶ ነበር። ማሽኑ በጨርቅ ተሸፍኗል። አጎራባቹ ሸቀጥ ሻጭ አላየኋቸውም አለ። ልጅቷ ማሽኑ ላይ እጇን አድርጋ አንድ አፍታ ቆመች፤ ከዚያ እንደገና ወደ ወንዙ ዞረች። የገበያውን ጫፍ ስንይዝ ከአንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ሴት ተጣራች። ቲማቲም ሻጭ ናት፣ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ነው። ሰውየው ከጀርባዋ ተቀምጠዋል። ምርኩዛቸውም ኮፍያቸውም የለም፣ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል። ሴትየዋ ቲማቲሟን ጥላ ሮጣ ከአሸዋው በክንዳቸው ጎትታ ነው ያወጣቻቸው። አሁንም እጅጌያቸውን አልለቀቀችም ነበር።

ልጅቷ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። የእጇን ጣቶች አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ግራ በመጋባት፣ «ሲስተር አልችልም ብላለች ብላኝ ነበር። እንዴት መጣሽ?»

«ምኑን ነው የማልችለው?»

ነገሯት። ሰኞን፣ ዓይናቸውን፣ መርፌውን፣ የተመለሱባቸውን ቀናት። እኔ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ፤ ሁለት ሦስት ሰው ዝም ብሎ ያየናል። ልጅቷ ተነስታ ወደ እኔ መጣች። ገዳም ከገባች ወዲህ «እርስዎ» ማለት አስተምሬያት ነበር። አሁን ተወችው።

«እኔ ዝም የሚል ቦታ ነበር የፈለግኩት» አለችኝ። «ጥሪ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እኔም አመንኩሽ። አሁን እግዚአብሔር ይጥራኝ፣ አንቺ ጥሪኝ፣ በምን ልለየው?»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ሰማችኝ፤ ግን አባቷ ሊቀዘቅዙ ስለሆነ ደረቅ ልብስ መፈለግ እንዳለባት ብቻ ተናግራ ተመለሰች። እኔም በድልድዩ ብቻዬን ሄድኩ። ውሃው በዚያ ሰዓት መጉደል ጀምሮ ነበር።

ቅዳሜ በማለዳ ሻንጣዋንና ስልኳን ይዤ ቤታቸው አደረስኩ። በሩን ከፍታ ተቀበለችኝ፣ አመሰገነችኝም። ግቢ አላለችኝም። ሰኞ ሐኪም ቤት አብሬያት መሄድ እችል እንደሆነ ስጠይቃት «አትምጪ» አለችኝ። አልሄድኩም።

የበላይ እናታችን በአምስት ሰዓት ደረሱ። ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ልጅቷ የት እንዳለች ጠየቁኝ። ቢሮ አስገብቼ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገርኳቸው፤ የጥርሱንና የመቀሱን ሳይቀር። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ስጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ልጅቷ ብትኖርም ቤቱ መዘጋቱ አይቀርም ነበር» አሉኝ። «አንዲት እጩ ቤት አታቆምም። ጊዜ የሰጠሁሽ ሐዘኑን እንድትለማመጂው ብዬ ነው። ልጅ ለማደን አልላክሁሽም።»

«ደብዳቤው እንደዚያ አይልም፣ ማዘር» አልኳቸው።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ፣ እውነት ነው፣ እንደዚያ አይልም አሉ። ቅጣት ስጠብቅ ነበር። የሰጡኝ ግን ሥራ ነው፤ የጸሎት ቤቱን መሠዊያ ማንሳት፣ ዕቃውን መዝገብ ላይ ማስፈር፣ አሮጊቷን ለጉዞ ማዘጋጀት። አንዳንዴ ሳስበው ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀፊራ ሄድኩ። የሰውየው አንዱ ዓይን ተሠርቶ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ሌላው ወረፋ እየጠበቀ ነው። ጎናቸው ያለው ሰው ወንበር ሰጠኝ። ያልተናገረችውን እንደተናገረች አድርጌ መንገሬን በራሴ አፍ ነገርኳቸው፤ እሷ ነግራቸው ይሆናል፣ ግን ከእኔ መስማት ነበረባቸው። ጣታቸውን የማሽኑ መንኮራኩር ላይ እያንሸራተቱ አዳመጡኝ።

«ቤትሽ እንዳይዘጋብሽ ነው፣ ይገባኛል» አሉኝ። «በር ላይ የመለስሽኝንም እረሳዋለሁ። ልጄ አልመጣም አለች ብዬ ያን አሸዋ የተሻገርኩባትን ሰዓት ግን ገና አልረሳኋትም። ጊዜ ስጪኝ።»

እሺ አልኳቸው። ጊዜ እየሰጠኋቸው ነው።

አሮጊቷ እህት በጥቅምት ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በመጨረሻው ጠዋት ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በምርኩዛቸው ሄደው፣ እያንዳንዱ በር ላይ እየቆሙ በውስጡ የኖሩትን እህቶች ስም ጠሩ። አንድም አልሳቱም። የእኔ በር ጋ ሲደርሱ የእኔንም ጠሩ፤ እንደሄደ ሰው። መኪናው ውስጥ ብርዱን አልችለውም ብለው ከሾፌሩ ጋር በመስኮቱ ሲከራከሩ ነው የተለያየነው። ድሬ ላይ ብርድ አልነበረም።

ቤቱ አሁን ለሥራ ከሌላ አካባቢ ለሚመጡ የፓርኩ ሴት ሠራተኞች ማደሪያ እንዲሆን ለሰበካው ተሰጥቷል። እኔ አዲስ አበባ እንድሄድ ተጠይቄ ነበር፤ አንድ ዓመት ለምኜ እዚሁ ቀረሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንድ ክፍል አለኝ። ጠዋት ልጆች አስተምራለሁ፣ ከሰዓት በሽተኛ እጠይቃለሁ። መነኩሲት ብቻዋን ስትኖር ገዳም አይባልም፤ ምን እንደሚባል እኔም አላውቅም። ባለፈው ወር አንዲት ተማሪ ከቅዳሴ በኋላ ተከትላኝ መጥታ እንደ እርስዎ መሆን እፈልጋለሁ አለችኝ። እንዳነጋግራት ወንበር ሰጠኋት። ከአንድ ሰዓት በላይ ስለ እናትና አባቷ ብቻ ስጠይቃት ቆየሁ። ያላሰበችው ነገር ሆነባት መሰለኝ፣ እስካሁን አልተመለሰችም።

ልጅቷ ወደ ፓርኩ ተመልሳለች፤ ሌላ ፋብሪካ ነው፣ ሌላ ፈረቃ። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ትመጣለች። መጀመሪያ ሰላም አትለኝም ነበር፤ ከገና በኋላ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም ማለት ጀመረች። ባለፈው እሑድ ባጃጅ ስንጠብቅ አጠገቤ ቆመች። አባቷ ሁለተኛው ዓይናቸውም እንደተሠራ፣ አሁን ጋዜጣ እያነበቡላት እንደሚጨቀጭቋት ነገረችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ልትነግረኝ ያሰበች ይመስል ሁለቴ ወደ እኔ ዞር አለች። ምንድን ነው ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ስትፈልግ ራሷ ትንገረኝ አልኩ። ባጃጁ መጣ። እሷ ወደ ሳቢያን ሰፈር ነው የምትሄደው፣ እኔ ወደ ሌላ በኩል። ትግባ ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁላት።